ቀይና ቢጫ መስመር

«ላንተ አይደለም፤ አትቋምጥ» አለችው ጥሩሸዋ፣ ጎረቤቷ ፈንታ በማለዳ ደጃፏ ላይ ቆሞ የምትሠራውን የአንገት ልብስ ትክ ብሎ ሲያይባት። እሱ ግን የመጣው ግንባር የዘመተው ልጇ መሞቱ የሚነገራት ዕለት ስለሆነ ነው። ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ጨዋታ ያውቃል፣ መርዶው ሳይነገራት እህል ያስቀምሳታል ብለው እሱን አስቀደሙት።

«ቀዩ በዛሳ፤ ልጁን ልትድሪው ነው እንዴ?» አላት እንደ ልማዱ።

«ቁመታችሁ እኩል ነው፤ ና ልለካብህ።»

ከበጎቿ ጠጉር ፈትላ፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ነክራ የሠራችውን፣ የሹራብ መሥሪያ ሽቦዎቹ እንደተሰኩበት አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። ሱፉ ይሞቃል። ጫፉን ልታስተካክል እጇን ወደ ትከሻው ስታወርድ የኩታውን ጥለት ነካች። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲወጣ ለለቅሶ ዘቅዝቆ የለበሰውን፣ ሳይመልሰው ነው የገባው።

ጣቶቿ ጥለቱ ላይ ቀሩ።

«ቁርስ... ቀመስሽ?» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ሰዎቹን ግቡ በላቸው» አለችው፤ «ውጭው ይበርዳል።»