ከስፌት በፊት

ባሏ ከኋላ መጥቶ ጸጉሯን ሲጨመድዳት እግሯ ገና የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ነበርና መርፌው ጣቷን ከነጥፍሩ በስቶ ውስጡ ተሰበረ። “ይሄ ቤት ነው የጨርቅ ተራ? ሳህኑ አልታጠበ፣ አንቺ በሌሊት ልብስሽ፣ ጸጉርሽ ክር በክር! እናቴ ስንቴ መከረችሽ?”

ምክሩስ ሞልቶ ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጠው ቁልፍ የሚተክሉት አማቷ፣ “ሴት ልጅ ለስፌት የምትቀመጠው ዕቃዋን አጥባ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ ፊቷን ተቀባብታ ነው፤ ባል ድንገት ከች ይላል” ሲሏት እስኪሰለቻት ሰምታለች። እሷ ግን ስልኳን የክር ጥቅል ላይ አስደግፋ፣ የልብስ ቅድ ቪዲዮ እያየች፣ ለደንበኞቿ መልስ እየሰጠች፣ ከአልጋ እንደወረደች ትሰፋ ነበር።

ባልየው የሙሽራ ቀሚሱን ነጭ ጨርቅ፣ የዩኒፎርሙን ሰማያዊ እየቦጫጨቀ ከበሩ እስከ ደረጃው ግርጌ በተነው። ሰው ሲያብድ የራሱን ጨርቅ ይጥላል፤ እሱ የእሷን ጣለ። ከዚያ ቡጢውን ጨብጦ ተመለሰ። አማቷም ትልቁን መቀስ አንስተው ብድግ አሉ። ጸጉሬን ሊሸልቱኝ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጠው የመቀሱ ጫፍ የልጃቸው ጉሮሮ ላይ ነበር።

“አባትህ ጥርሴን ያረገፈ ቀን” አሉ ቀስ ብለው፣ “ዕቃዬም ታጥቦ፣ ጸጉሬም ተበጥሮ ነበር።”

እጁን አወረደ። መቀሱን ከአንገቱ ሳያነሱ፣ የኋሊት እያስኬዱ እስከ በሩ ሸኙት። ደረጃው ነጭና ሰማያዊ ለብሶ ይጠብቀዋል።

“በል ልጄ” አሉት፣ “መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።”