አሥራ ሁለት ሜትር

የአዲሱ ክሊኒክ አንድ ጥግ ሰምጦ በሮቹ አልዘጋ ካሉ ወዲህ ሰፈሩ የሲሚንቶ ሌባውን አግኝቷል፤ የቁፋሮው ፎርማን ነው። ድሮ ጠልቆ ስለሚቆፍር "ጥልቁ" ይሉት ነበር። አሁን በዚያው ስም ይሳለቁበታል።

ዛሬ አንዱ የመሠረት ምሰሶ ይመረመራል። ከፎርማኑ አጠገብ ፖሊስ ቆሟል። የሥራው መሐንዲስም አለች፤ ክሊኒኩ ሲሠራ ሦስት ሥራ ባንድ ላይ ይዛ ስትሮጥ የነበረች ናት። ፎርማኑ የእናቷ ወንድም ነው፤ አሳድጎ ያስተማራትም እሱ ነው።

"ስፋቱ ስልሳ ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ የስፋቱ ሠላሳ እጥፍ፤ አሥራ ስምንት ሜትር መሆን ነበረበት" አለ መርማሪው። "አለቱ የሚገኘው እዚያ ነው።"

መሰርሰሪያው ኮንክሪቱን እየቆረጠ ያወጣ ጀመር። ሠራተኛው ሜትሩን ይቆጥራል። ዘጠኝ። አሥር። መሐንዲሷ ከንፈሯን ነክሳ አብራ ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት።

ከዚያ በኋላ የወጣው ጭቃ ነበር።

"ስድስት ሜትር ዋጠ! የት አባቱ አስቀመጠው?" አለች አንዲት ሴት ከአጥር ውጪ።

የምሰሶውን አናት ቆፍረው ስፋቱን ለኩ። አርባ ሴንቲ ሜትር።

"ከርዝመቱም ከስፋቱም?" አለ መርማሪው። "አንዱን እንኳ ቢተዉልን ምን ነበረበት አባባ?"

ፎርማኑ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው።

"ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ!" አለች መሐንዲሷ። "ማን አዘዘዎት?"

"ማንም።"

"እርስዎ አይሰርቁም፤ እኔ አውቅዎታለሁ።"

"ዝም በይ ልጄ።"

መርማሪው ወደ እሷ ዞረ። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

"እሷ ምኑን ታውቃለች?" ፎርማኑ ቀደማት። "ደብቄያት ነው። ይህንንም ጻፉልኝ።"

ጻፉለት። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። በአጠገቧ ሲያልፍ የታጠፈ ወረቀት መዳፏ ውስጥ ወሸቀ።

"ሳታነቢ አቃጥዪው" አላት በሹክሹክታ።

ሌብነቱን በገዛ እጁ አስጨበጣት ማለት ነው። መኪናው ተነሣ፤ ልትከተለውም ልትጠራውም አልቻለችም። ከዓይኗ ሲሰወር ወረቀቱን ፈታችው።

ከሥራ መዝገብ የተቀደደ ገጽ ነው። ከላይ የእሱ ጽሕፈት፦ "ባለ ስልሳው መሰርሰሪያ ተሰበረ። የተገኘው ባለ አርባ ነው። እስከ ስንት ልውረድ?"

ከሥሩ በራሷ የእጅ ጽሕፈት፣ ከነፊርማዋ፦ "ስንቴ ልንገርዎት ጋሼ! የስፋቱን ሠላሳ እጥፍ።"