የመስተዋቷ ባለቤት

እልፍነሽ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ናዝሬት ውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ስትቀጠር ዕቃው ሁሉ የተሰበረ ነበር። ደህናው ነገር አለቃዋ ጋሼ ወልደአማኑኤል ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው እንደ ልጃቸው ያዟት።

የአዳሚ ቱሉ ልጅ ናት። ውሃው ጥርሷን አበልዞታል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የአባቷን ጉልበት ደግሞ አድርቆ ከዘራ አስይዟቸዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ውሃ የሚለይ መሣሪያ መሥራቱን ሥራዬ ብላ ያዘችው። ሁለት የመስተዋት ቁራጮች አጣብቃ፣ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ፈለፈለች። አንዲት ጠብታ ውሃ ጫፉ ላይ ስታርፍ ቦዩ ራሱ ይስባታል፤ ውስጡ ቀይ ቀለም አለ። ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ከሆነ ቀዩ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

"ላቦራቶሪውን እኮ ኪስ ውስጥ ከተትሽው!" ብለው ጋሼ ግንባሯን ሳሟት።

በዚያው ሰሞን ቆቃ አጠገብ ለአዲሱ የመንግሥት እርሻ ሠራተኞች የተቆፈረው ጉድጓድ ለአብዮት በዓል ሊመረቅ ነበር። እልፍነሽ ውሃውን ፈተነችው። ወዲያው ቢጫ ሆነ።

"ለማን ነገርሽ?" አሉ ጋሼ በሩን ዘግተው።

"ለማንም። ለእርስዎ ነው መጀመሪያ።"

"ደግ አደረግሽ። በይ አሁን የዝዋይን ውሃ ቅጂልኝ። እግረ መንገድሽን ቤተሰብሽን ጠይቂ፤ አትቸኩይ።"

ስትመለስ ጋሼም የሉም፣ መስተዋቷም የለችም። የምትፈለፍልበት መርፌ እንኳ ከጠረጴዛዋ ተነስቷል።

"ስብሰባው አመለጠሽ" አላት ሾፌሩ ኑሬ። "ጋሼ መስተዋቷን ከፍ አድርገው 'የጉድጓዱን ውሃ ሰው አይጠጣው' ብለው ለጓዶቹ አስረዱ። 'የማንም እጅ የለበትም፤ ሐሳቡም ሥራውም የብቻዬ ነው' ሲሉ ወላሂ በጆሮዬ ሰማሁ።"

"እኔንስ አላነሱኝም?"

ኑሬ አንገቱን ደፋ። "ስላንቺ ተጠይቀው ነበር። 'እሷ ጠርሙስ ነው የምታጥብልኝ' አሉ።"

"ከዚያስ?"

"ጓዶቹ ብድግ አሉ። በላንድሮቨር ይዘዋቸው ሄዱ። ሶቪየት ሊልኳቸው ነው ይባላል።"

ጠርሙስ አጣቢ! እልፍነሽ ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋት። ግንባሯን የሳሙት አፍ ነው የካዳት። እንደ አባት ያየችው ሰው፣ እምነቷን በላባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ማለቱን ተወች።

አዲስ መስተዋት ፈልፍላ ወደ ካድሬው፣ ወደ ጓድ ሐዲስ ቢሮ ሄደች። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሻይ አዘዘላት።

"ሥራዬን ተሰርቄአለሁ" አለችው። "ሽማግሌው ሌባ ነው።"

"ማስረጃ አለሽ?"

መስተዋቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ውሃ ጠብ አደረገችባት። ቦዩ ሳበው። አሠራሩን ከሀ እስከ ፐ አስረዳችው። ጓድ ሐዲስ ጎንበስ ብሎ በጥሞና አየ።

"የቆቃውንም ጉድጓድ የፈተንሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"'ሰው አይጠጣው' የሚለውስ?"

"የኔ ነው! እሱማ እጁንም አላስገባበት።"

"ጎበዝ" አለና ደወሉን ተጫነ። ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰዎች ገቡ።

"የአብዮቱን ውሃ መርዝ ነው ያለችው ይቺ ናት፤ ውሰዷት" አላቸው። "ሽማግሌውማ ውስጥ እግሩ እስኪላጥ ተገርፎ እንኳ 'ብቻዬን ነኝ' ከማለት ንቅንቅ አላለም።"