የመስኮቱ ድጋፍ

ባልየው ከወንበሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሳ። ከአጥሩ ማዶ ታናሽ ወንድሙ ብሎኬት ሲደረድር ይሰማል፤ ግንቡን የጀመረው ከእነሱ ግቢ አንድ ክንድ ቆርሶ ነው።

"ሽጉጤን ከመስኮቱ ላይ አንሺልኝ" አላት ሚስቱን።

"እሱን ካነሳሁት መስኮቱ ወርዶ ይዘጋል፤ ቤቱ ደግሞ በሽንኩርት ታፍኗል" አለች፣ መክተፏን ሳታቋርጥ። ያ አፈሙዘ ረጅም ስድስት ጎራሽ በእሷ እጅ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በእጀታው ምስማር ትመታለች፣ በአፈሙዙ የሹራብ ክር ትጠቀልላለች፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ላይ አቁማ ሻማ ትተክልበታለች። "ሰው የሚፈራውን መሣሪያ የጓዳ ዕቃ አደረግሽው እኮ!" እያለ ይስቅባት ነበር። ዛሬ ሳቁ የለም። ራሱ ሄዶ መንጭቆ ወሰደው፤ ተደግፎ የነበረው መስኮትም ዷ ብሎ ወረደ።

በሩ ጋ ሲደርስ ሽጉጡን አገላብጦ አየውና እግሩ ተገታ። አፈሙዙ እስከ ጫፉ በሻማ ሰም ተደፍኗል። የአንድ ምሽት ሰም አይደለም፤ ነጩ በቢጫው፣ ቢጫው በነጩ ላይ እየተደራረበ ደርቋል። በጥፍሩ ቢፍቀው ንቅንቅ አላለም። ዞሮ አያት። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትጠብቀው ነበር።

"ይሄ ሁሉ ሰም መብራት በጠፋ ቁጥር የፈሰሰ ነው?" አላት፤ ድምፁ ወርዷል።

"አይደለም" አለችው። "አንተ በተናደድክ ቁጥር ነው።"