ያልተቀመሰው ገንፎ

«ስኳርሽ ከፍ ብሏል» ከተባለችበት ቀን ጀምሮ እንጀራም ዳቦም በአፏ አልዞረም። ወሯ ገብቶ ጎረቤቶቿ «ማርያም ትቅረብሽ» እያሉ ገንፎ አገንፍተው ሲመጡ፣ የቅቤውና የበርበሬው ሽታ እያስጎመጃት «ለልጄ ስል ነው፤ አትቀየሙኝ» ብላ ምራቋን ዋጠች።

በማግስቱ ለክትትል ሄደች። ሌላ ጊዜ ገና ከበር «ትናንት ምን በላሽ?» ብሎ የሚያፋጥጣት ሐኪም፣ ዛሬ ምንም ሳይጠይቃት የልጇን የልብ ምት ፍለጋ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዷ ላይ ደጋግሞ አመላለሰው።

«ዶክተር፣ ገንፎ እንኳን መጥቶልኝ አልነካሁም» አለች ፈርታ። «ጎረቤቶቼን ይጠይቋቸው።»

«አምንሻለሁ፣ እህቴ።»

ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረና ሆዷን በሶፍት ቀስ ብሎ ጠረገላት።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ያማረሽን ብዪ።»