መንታው ቸርኬ

ቅዳሜ ጠዋት በጋሽ ሙዘይን የብስክሌት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ባለሱቁ፣ ጎረቤቴና እኔ ነበርን። ጎረቤቴ የተገጣጠመ ብስክሌት መግዛት የሰነፍ ሥራ ነው ይላል። የራሱን የተራራ ብስክሌት ሊሠራ ዕቃውን አንድ በአንድ ሲመርጥ ሦስት ዓመት ሆነው። ሚስቱ ስንዱ ብርድ ልብስ ስትለምነው መሪ፣ ፍራሽ ስትለምነው ፔዳል ገዝቶላታል። አሁን የጎደለው የኋላ ቸርኬ ብቻ ነው።

አንዱን አንስቶ አገላበጠው። «የፊተኛው መንታ ነው። ይህን የሚለይ ዓይን ስንት ሰው አለው?»

«አንተ ብቻ ነህ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሙዘይን። «ገና ትናንት ነው የገባው።»

ተሸክመነው ቤቱ ስንደርስ፣ የፊተኛው ቸርኬ ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር ባዶ ነበር። ስንዱ አዲስ ፍራሽ ላይ አንሶላ ታነጥፋለች።

«ቶሎ አገኘኸው» አለችው።

ቸርኬውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ሰኞ የኋላ ቸርኬ ፍለጋ ወጣ።