እስከ ክርን

የሪምሻ እናት ተስኒም ሰበቧን አስቀድማ አዘጋጅታለች። «የልጄ ቆዳ ሂና አይስማማውም፤ መዳፏን ብቻ ቀብተን እንለፈው» ልትል ነው። በፓኪስታኗ ሙልታን ከተማ ሙሽራ እስከ ክርኗ ሂና ሳትቀባ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ አይታ አታውቅም። ግን ሌላ ምን ትበል?

ሪምሻ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ረጅሙን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባ ተቀምጣለች። ከእጅጌው ሥር ያለውን የሚያውቁት እናቷና አንዲት ሐኪም ብቻ ናቸው።

ሐኪሟ የሕመሙን ስም ነግራታለች፤ ቦርደርላይን ይባላል። «እብደት አይደለም፤ ጂንም አልያዘሽም» ብላታለች። «ሌላውን ሰው ነክቶት ብቻ የሚያልፍ ነገር አንቺን ያቃጥልሻል። ሰው ሊተወኝ ነው ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ መሬቱ ይከዳሻል። ግን ይታከማል። በዕድሜ የሚሰክኑም ብዙ ናቸው።»

ተስኒም ይህን ሁሉ ሰምታ መልሷ አንድ ነበር። «ለማንም እንዳትተነፍሺ!»

እጮኛዋ ሙዘሚል የጨርቅ ሱቅ አለው። ደግ ሰው ነው። አንድ አርብ ስልኳን ሳያነሳ ቀረ። ሪምሻ «ከሃዲ! ጨርሰናል» ብላ ላከችበት። ጥቂት ቆይታ ደግሞ የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ሱቁ ድረስ ሮጣ፣ «እንዳትተወኝ» እያለች ደንበኛ ፊት ተንሰቀሰቀች። ለካ ሰውየው ጨርቅ እየለካ ስልኩን አልሰማውም። ሪምሻ እንዲህ ናት፤ ሰማይ የሰቀለችውን ሰው አፈር ታበላዋለች፤ ከዚያ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። እንዲህ መኖር ያደክማል። ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ደግሞ እሷን ራሷን ነው።

ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ የሙዘሚል አክስት፣ የአባቱ እህት ሳጂዳ፣ ተቀምጣ ነበር።

ሳጂዳን የማይፈራት የለም። በልጅነቷ ተድራ ዓመት ሳይሞላት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች፤ ለምን እንደተመለሰች በቤተሰቡ አይነሳም። ያን ጊዜ እሳት ነበረች ይባላል። አሁን ብዙ አትናገርም። አምባር አታደርግም። ሙልታን በሰኔ ሐሩር ስትጋይ እንኳ ጥቁር እጅጌዋ አንጓዋ ላይ እንደተቆለፈ ነው። ሴቶቹ ግቢው ቧንቧ ላይ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እየተሳሳቁ ከስግደት በፊት ውዱእ ሲያደርጉ እሷ መታጠቢያ ክፍል ገብታ በሩን ትቀረቅራለች። «ኩራቷ ነው» ይላሉ። የሰው ደስታ ያንገበግባታል የሚሉም አሉ።

ከዚያ አርብ ወዲህ ዓይኗን ከሪምሻ ላይ አልነቀለችም። አንድ ቀን ሪምሻ ሻይ ስታቀርብላት፣ «ልጁ ሲዘገይብሽ ምን ትሆኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሪምሻ ሲኒውን አስቀምጣ እጅጌዋን ወደ ጣቶቿ ሳበች። «ምንም አልሆንም፣ አክስቴ።»

«እህ» አለች ሳጂዳ፣ የልጅቷን እጅጌ እያየች።

ተስኒም ይህን ስትሰማ ደረቷን ደቃች። «አለቀልን! ያቺ ሴትዮ ሰርጉን ሳታፈርስ እንቅልፍ አይወስዳትም።»

በሂናው ቀን ከሰዓት በኋላ የሙዘሚል ቤት ሴቶች ከበሮ እየመቱ፣ ሂናውን በትሪ ይዘው መጡ። ከፊት የሙዘሚል እናት ቁድሲያ ናት። ሳጂዳ ከኋላ መጥታ ጥግ ያዘች።

«በይ ሙሽሪት፣ እጅጌሽን ሰብስቢ!» አለች ቁድሲያ።

ተስኒም ያዘጋጀችውን ሰበብ አወጣችው። «ቆዳዋ ሂና አይስማማውም። መዳፏን ብቻ...»

«መዳፍ ብቻ? ሙሽራ ናት ወይስ ለቅሶ ደራሽ?» አለች አንዷ ዘመድ። ሴቶቹ ሳቁ። «እስቲ ቆዳዋን እኔ ልየው!» ብላም የሪምሻን እጅጌ ያዘች።

ሪምሻ ክንዷን መነጨቀች። ሳቁ ቆመ፤ ከበሮውም ቆመ።

«ልቀቂያት» አለች ሳጂዳ ከጥጓ ተነስታ። «እኔ ነኝ የምቀባት። እስከ ክርኗ። ለብቻችን።»

«አንቺ?» አለች ቁድሲያ። «አንቺ ደግሞ መቼ ሂና ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ እነካለሁ።»

ትሪው ላይ ካለው ሂና አንዱን ጥቅል አነሳችና ሪምሻን እየመራች ወደ ጓዳ ገባች። ተስኒም ልትከተል ስትል በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ።

«ሰብስቢ» አለች ሳጂዳ።

«አክስቴ፣ እባክዎ ይስሙኝ። ልነግረው ነበር፤ እማ ናት የከለከለችኝ። እሱ ከተወኝ እሞታለሁ።»

«ሰብስቢ አልኩሽ።»

ሪምሻ እያለቀሰች ሰበሰበች። ጠባሳዎቹ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ገና ቀይ ነው። በራሷ እጅ ያደረገችው ነው፤ ሰው የተዋት በመሰላት ቁጥር። ሳጂዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ከዚያ ተነሳችና በሩን ገርበብ አደረገች።

«ቁድሲያ! ነይ እስቲ!»

ሪምሻ ዓይኗን ጨፈነች። ሙዘሚል አሁን ሱቁን እየዘጋ ይሆናል። ቤቱ ሳይደርስ ይነግሩታል። እንዴት እንደወደደችው አንድም ቀን በቅጡ ሳትነግረው።

«ምነው? ምን ሆነች?» የቁድሲያ ድምፅ ነው።

«ምን ትሆናለች? ሂና ጨምሪልኝ፤ ይሄ ለሁለት ሰው አይበቃም።»

በሩ ተመልሶ ተቀረቀረ።

ሳጂዳ ከሪምሻ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የጥቁር እጅጌዋን ቁልፍ ፈታች፤ እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ክንዷን ከልጅቷ ክንድ አጠገብ አጋደመችው፤ ጠባሳዎቹ ያው ናቸው፤ የእሷዎቹ ግን ከነጡ ቆይተዋል።